የቁጥር ዐሥራ አራት ባሕርና ዋጋው

ለተከበሩ ዶክተር ቶርበን ክላስሆፍ
የቫተንግሩንድ የካምፕ ሥፍራ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በዚህ ዓመት መግቢያው ላይ ላስተከሉት አውቶማቲክ መዝጊያ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። መዝጊያው ባለፈው ሳምንት ታሞ ክንዱን ወደ ሰማይ እንደዘረጋ በመክረሙ፣ ሰዉ ሁሉ ካርድ ሳያስነካ ሲገባና ሲወጣ መሰንበቱን ሲሰሙ ምን ያህል እንደተሰማዎት መገመት አያቅተኝም። አሁን ድኖ ክንዱን አውርዷልና እንኳን ደስ አለዎት።

እኔ ፎልኬርት ኡኬና እባላለሁ። ወደ ደሴቶቹ በሚመላለሰው ጀልባ ላይ በሞተር መካኒክነት ስሠራ ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ጌሼ ትባላለች። አልጋውም፣ ምድጃውም፣ መጸዳጃውም በላዩ ላይ ያለ አሮጌ ቤት መኪና አለን፤ እሱን እየነዳን በየበጋው ወደ ቫተንግሩንድ መምጣት የጀመርነው ልጆቻችን ገና አሸዋ በሚበሉበት ዘመን ነው፤ ዛሬ አሸዋ የሚበሉት የልጅ ልጆቻችን ናቸው። ይህን ሁሉ ዓመት የቆምነው በአንድ ቦታ፣ በቁጥር 14 ላይ ነበር። ነበር ማለቴ፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ዘንድሮ ወደ ቁጥር 87 ስለተዛወርን ነው። ቁጥር 87 ቤት መኪኖች መጸዳጃቸውን የሚደፉበት ጉድጓድ አጠገብ የሚገኝ ሲሆን፣ በዋጋ ዝርዝርዎ ላይ «ለአገልግሎት መስጫዎች እጅግ ቅርብ» ተብሎ መገለጹን ባነበብኩላት ጊዜ ጌሼ ከልቧ ስቃለች። በዚያ ሳምንት የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ስለዚህ አገላለጽዎ አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ከመላክ ይልቅ በዕቃ ማጠቢያው ቤት በር ላይ፣ ባለቤት የጠፋቸው ካልሲዎች በሚንጠለጠሉበት ሰሌዳ ላይ መለጠፍን መርጫለሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ በፊት ለጽሕፈት ቤትዎ ለላክሁት ደብዳቤ መልስ የሰጡበት መንገድ፣ ሌሎችም ቢያነቡት የሚማሩበት ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ለመለጠፊያ የሚከፈል ዋጋ በዝርዝርዎ ላይ አላየሁም፤ ተረስቶ ከሆነ እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እነሆ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዋጋው መንቀሳቀስ። ከእርስዎ በፊት የሥፍራው ባለቤት የነበሩት አዛውንቱ ሂንሪክ፣ አመሻሽ ላይ በብስክሌት እየመጡ፣ ሻይ ጠጥተው፣ ለአንድ መኪና ዐሥራ ስምንት ዩሮ ተቀብለው ይሄዱ ነበር። በመኪናው ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ የሚቆጥሩት ስኒ ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አዲስ የመጣ ሰው ከባሕሩ ፊት ለፊት ለመቆም ምን ያህል እንደሚጨምር ቢጠይቃቸው፣ «ባሕሩን እኔ አላመጣሁት፣ ምን ብዬ ላስከፍልህ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ የንግድ ትምህርት የሚባል ነገር አልነካካቸውም።

በእርስዎ ዘመን ግን ዋጋው ስልክ ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ጠዋት ቁርስ ላይ ስከፍተው አርባ አንድ ዩሮ ነበር፤ መነጽሬን አድርጌ በደንብ ልየው ስል አርባ አራት ሆኖ ጠበቀኝ። ፀሐይ ስትወጣ አብሯት ይወጣል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን መውረዱን ይረሳዋል። እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ከፍና ዝቅ የሚል ነገር አይገርመንም፤ የእኛ ውኃ ግን የወጣውን ያህል ይወርዳል። ስለ ገላ መታጠቢያው ሳንቲም መዋጫ ብዙ አልልም፤ ጎረቤታችን በቀደም ፎጣውን አገልድሞ፣ ራሱ ላይ የሳሙና አረፋ ተሸክሞ፣ ውኃው ስለተቋረጠበት ተጨማሪ ሳንቲም ፍለጋ ሲሮጥ ያየን ሁሉ፣ አገልግሎትዎ አረጋውያንን እንዴት አድርጎ ስፖርት እንደሚያሠራ መስክረናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ባሕር ዕይታ ጭማሪ። ዘንድሮ ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 20 ያሉት ቦታዎች «የባሕር ዕይታ» የሚል ማዕረግ አግኝተው፣ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሌሊት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዩሮ ተጨምሮባቸዋል። እዚህ ላይ እንደ ቀድሞ የጀልባ ሰው ትንሽ አስተያየት እንድሰጥ ይፍቀዱልኝ። ባሕራችን በቀን ሁለት ጊዜ ተነሥቶ የሚሄድ ባሕር ነው። ሲሄድ የሚቀረን እስከ ደሴቶቹ ድረስ የተዘረጋ ጭቃ ነው። ጭቃውን እንወደዋለን፤ ወፎቹም ይወዱታል፤ ነገር ግን በዝርዝርዎ ላይ የተጻፈው ባሕር ነው እንጂ ጭቃ አይደለም። ስለሆነም ባሕሩ ለቆ ለሚሄድበት ግማሽ ቀን ክፍያው በግማሽ እንዲቀነስ፣ ወይም ባሕሩ ውል ፈርሞ እንዲቀመጥ እንዲደረግ አሳስባለሁ። በተጨማሪም ክፍያው የሚታሰበው በሌሊት ነው። በሌሊት ባሕሩን የሚያይ ሰው ካለ አላውቀውም። በሌሊት እኔና ጌሼ እኩል ነን።

እኩል ነን ያልኩበትን ምክንያት መግለጽ ይኖርብኛል። የባለቤቴ ዓይን ባለፉት ዓመታት ቀስ በቀስ ደክሞ፣ ዛሬ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ሌላ አያይም። ሐኪሙ ይህችኑ ጭላንጭልም ብዙ እንዳንተማመንባት ነግሮናል። ቁጥር 14 የተወደደብን እንግዲህ፣ ሁለታችንም ባሕር እናያለን ተብሎ በሁለት ሰው ሒሳብ ነው። ይህን ለማስረዳት የሐኪም ወረቀት ይዘን ቢሮዎ ሄደን፣ እንግዳ ተቀባይዋን ወይዘሪት ዮርዲስን አነጋገርን። ልጅቷ ትሁት ናት፤ ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች ፈትሻ፣ «እማማ ጌሼ፣ በጣም ይቅርታ፣ ምልክት የሚደረግበት የውሻ ሣጥን አለው፣ ከሦስት ዓመት በታች ሕፃን የሚል አለው፣ ለማያይ ሰው ግን ሣጥን የለውም» አለችን። ጌሼም «እንግዲያው ከሦስት ዓመት በታች በይኝ የኔ ልጅ፣ እኔ አልቀየምም» አለቻት። ዮርዲስ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጉዳዩን በጽሑፍ ለእርስዎ እንዳቀርብ የመከረችኝ እሷ ናት።

እርስዎም ያለ መልስ አልተዉኝም። በአራተኛው ቀን በደረሰኝ ደብዳቤዎ፣ «ዕይታው ለደንበኛዋ ቀርቦላታል፤ አለመጠቀም የደንበኛዋ የግል ምርጫ ነው» ብለው ጽፈውልኛል። ክቡር ሆይ፣ እኔ በሕይወቴ ብዙ ሞተር ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ግን ብፈታው ብገጥመው ውስጡ ሰው ላገኝበት አልቻልኩም። ተናድጄ ነበር፤ ለጌሼ ሳላነብላት ሁለት ቀን ደብቄዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ሳነብላት፣ «እስቲ አንዴ ድገመው» ብላ አስደገመችኝ። በሁለት ሰው ሒሳብ ለስድስት ሳምንት መክፈል የጡረታችን አቅም ስላልሆነ ወደ ቁጥር 87 ሄድን።

እግረ መንገዴን ስለ ውሻችንም ላንሳ። ቡተ በቀን ስድስት ዩሮ ይከፈልበታል፤ ነገር ግን ውሻን የባሕር ዕይታ ጭማሪ አይመለከተውም። ስለዚህ ቁጥር 14 ላይ ብንቆይ ኖሮ፣ ቡተ ባሕሩን ቀኑን ሙሉ በነጻ ሲያይ፣ ጌሼ አጠገቡ ተቀምጣ ለማታየው ትከፍል ነበር። ይህን ማጋለጤ ውሻውን እንዳይጎዳብኝ እፈራለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ቦታው ራሱ። ምናልባት አንድ የማያይ ሰው የትም ቢቆም ምን ይለየዋል ብለው አስበው ይሆናል። ቁጥር 14ን ጌሼ የተማረችው ዓይኗ ሳለ ነው። ከደጃችን ወጥታ፣ ከባንዲራው ምሰሶ ላይ ገመዱ ሲንኳኳ እየሰማች፣ ጠጠሩ አልቆ ሣሩ እግሯን ሲነካት ወደ ግራ ታጥፋ፣ ሲጥ ሲጥ የሚለውን የዕቃ ማጠቢያ ቤት በር ታገኘዋለች። ከምሳ በኋላ ሳፋዋን ይዛ ብቻዋን ትሄዳለች፤ እዚያ ከሴቶቹና ከወንዶቹ ጋር ቆማ ስታጥብ የካምፑን ወሬ ሁሉ ሰብስባ ብቻዋን ትመለሳለች። አምና እንኳ፣ ምንም ሳታይ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ከእኔ ቀድማ የምታውቀው እሷ ነበረች። ቤታችን ባለበት በሌር ከተማ እንኳ ያለ እኔ ክንድ ከበር አትወጣም። በዓመት ውስጥ ብቻዋን የምትራመድባት መንገድ ያቺ ብቻ ናት።

ቁጥር 87 ላይ ደግሞ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሳምንት ሙሉ ተቀመጠች። ወዴትም ስትፈልግ እጇን ይዤ እወስዳታለሁ፤ ወዴትም አልፈለገችም። «ምን ላምጣልሽ?» ስላት «ምንም፣ ደህና ነኝ» ትለኛለች። እኔ ሴትዮዋን አውቃታለሁ፤ ደህና አልነበረችም።

ከዚያም እሑድ ዕለት ጠፋች። ዕቃ ማጠቢያው ድረስ አድርሻት ነበር፤ «አንተ ሂድና ተኛ፣ ከሰዎቹ ጋር እመጣለሁ» ስላለችኝ ተመልሼ ጋደም አልኩ። ስነሣ የለችም። ሰዓቱ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ባለው የቀትር ዕረፍት መካከል ሲሆን፣ በደንብዎ አንቀጽ መሠረት በዚህ ጊዜ ድምፅ ማሰማት በጥብቅ የተከለከለ ነው። ክቡር ሆይ፣ እንደሚያውቁት እኛ ሕግ አክባሪ ሕዝብ ነን። ባሕሩ እየሞላ ሳለ፣ ዓይኗ የማያይ ሚስቴ ጠፍታ፣ እኔ ስሟን በሹክሹክታ እየጠራሁ በድንኳኖቹ መካከል እሮጥ ነበር። ሰዎች ከየመኪናቸው አንገታቸውን አውጥተው፣ በሹክሹክታ «ምን ጠፋብህ?» ይሉኛል፤ በሹክሹክታ «ጌሼ» እላቸዋለሁ፤ ጫማቸውን ሳያስሩ ወጥተው እነሱም እያንሾካሾኩ ይፈልጋሉ። ሃያ የምንሆን ሰዎች በእግር ጣቶቻችን እየተራመድን ካምፑን አካለልነው። አንድም ሰው ጮኾ መጥራት እንደሚቻል አልታወሰውም። ቆሌዬ ተገፎ ሳለም ደንብዎ እንዴት እንደተከበረ ቢያዩ ኖሮ ይኮሩብን ነበር።

የተገኘችው ቁጥር 14 ላይ ነው። እግሯ የለመደውን መንገድ ይዞ አድርሷታል። እዚያ የቆመው ከደቡቧ ከተማ ከሽቱትጋርት የመጡት የባልና ሚስቱ የኦይገንና የሎረ ሾይፈለ ቤት መኪና ነው። ጌሼ የሰዎቹን በር ከፍታ፣ ደረጃውን ወጥታ፣ የታጠቡትን ሳህኖች ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣ፣ «ፎልኬርት፣ በስንት ዓመቱ ደረጃውን ጠገንከው? እጅህ ይባረክ» አለች። የኦይገንን አፍ ሾርባ ሞልቶት ስለነበር «እም» ብቻ አለ። እኔም ቤት ውስጥ የምመልሰው መልስ ይኸው ስለሆነ ጌሼ ምንም አልጠረጠረችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሎረ «ይቅርታ እመቤት፣ ሾርባ ይጨመርልዎ?» ስትላት ነው የሌላ ሰው ቤት መሆኑን ያወቀችው።

ጌሼ ደንግጣ ልትወጣ ተነሣች። «በስመ አብ፣ ቤቴ መስሎኝ እኮ ነው» አለች። ሎረም እጇን ይዛ መልሳ እያስቀመጠቻት፣ «ቤቱ የኛ ነው፣ ቦታው ግን የእርስዎ ሳይሆን አይቀርም» አለቻት። እኔ ደርሼ በሩን በሹክሹክታ ሳንኳኳ፣ ጌሼ አራተኛ ስኒ ሻይ ላይ ነበረች። እኛ በቃኝ ስንል ማንኪያውን ስኒው ውስጥ እናስቀምጣለን፤ የደቡብ ሰዎች ይህን አያውቁምና፣ ሎረ ማንኪያውን እያወጣች በትሕትና ትቀዳላት ነበር። ሻዩ የከረጢት ሻይ ነው፤ እኛ የለመድነው ድንጋይ የሚመስል ስኳር የለው፤ ክሬም የለው። ጌሼ አንድ ቃል ሳትተነፍስ መጠጣቷ ሰዎቹን ምን ያህል እንደወደደቻቸው ነገረኝ።

አራተኛ፣ ወደዚህ ደብዳቤ ያደረሰኝ ጉዳይ። የሾይፈለ ባልና ሚስት ቦታ እንቀያየር አሉ። በደንብዎ መሠረት ቦታ መቀያየር ሠላሳ አምስት ዩሮ ያስከፍላል። ኦይገን ይህን ሲሰማ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «ሠላሳ አምስት ዩሮ? ጎማ ለማሽከርከር? ሞቼ ነው ቆሜ» አለ። ትንሽ አሰብ አድርጎም፣ «ስማ አንተ ሰውዬ፣ መኪኖቹ ባሉበት ይቁሙ፤ እኛ እንንቀሳቀስ» አለኝ። እንደ እርስዎ ያለ የተማረ ሰው እንኳ ይህን አላሰበውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እነሱ ጋዜጣቸውን ይዘው ወደ ቁጥር 87 ይመጣሉ፤ እኛ የሻይ ዕቃችንን ይዘን ወደ ቁጥር 14 እንሄዳለን፤ ማታ ሁሉም ወደየአልጋው ይመለሳል። ኦይገን ቁጥር 87ን ወዶታል። መጸዳጃ ሊደፉ የሚመጡትን ሰዎች ወንበሩ ላይ ሆኖ እያየ፣ «ቀና አድርገው፣ ቀና፣ ጫማህ ላይ» እያለ ይመክራቸዋል፤ ከባሕሩ ይልቅ ይህ እንደሚያዝናናው ነግሮኛል። ጌሼም ሳፋዋን ይዛ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ብቻዋን ትመለሳለች። ትናንት ከዕቃ ማጠቢያው ተመልሳ ማን ሊፋታ እንደሆነ ነገረችኝ። በጣም ደስ አለኝ፤ ስለሚፋቱት ሳይሆን።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ግን በብስክሌት የሚዞረው ተቆጣጣሪዎ አይቶን ኖሮ፣ ወይዘሪት ዮርዲስ ፊቷ ቀልቶ የክፍያ ወረቀት ይዛልን መጣች። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ለሄዱ አራት ጎብኚዎች፣ በሰው፣ በቀን፣ አራት ዩሮ ይላል። «አባባ፣ እኔ አይደለሁም፣ ሲስተሙ ነው» አለችኝ። አንቺ እንዳልሆንሽ እናውቃለን ብለን ሻይ ሰጠናት። እነሆ እሷም ቁጥር 14ን ጎብኝታለችና፣ እባክዎ በእኛ ላይ ይመዝገብ።

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ሁሉ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ቆመን ሰላም ሳንባባል መሄድ የምንችል ሰዎችን ደንብዎ አንድ ላይ አስተሳስሮናል። የጎብኚውን ክፍያ እስከ መጨረሻው ቀን እከፍላለሁ፤ ሎረም ድርሻዋን ልክፈል ብላ ትጣላኛለች፤ ኦይገን ግን እስከ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ ብሏል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የመጪው በጋ ምዝገባ በወሩ መጨረሻ ይከፈታል። ሾይፈለዎች በሚመጣው ዓመት ወደ ተራራ ሊሄዱ አስበዋል፤ በቁጥር 14 ላይ ማን እንደሚቆም፣ እንደ እነሱ በሩን የሚከፍት ይሁን አይሁን አላውቅም። ስለዚህ ቁጥር 14ን ለእኛ እንዲያስቀምጡልን፣ የዕይታውንም ጭማሪ በአንድ ሰው እንዲያስቡልን እጠይቃለሁ። የእኔን እከፍላለሁ። ካስፈለገ ወንበሬን አዙሬ ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ እቀመጣለሁ፤ ተቆጣጣሪዎ በፈለገው ሰዓት መጥቶ ማረጋገጥ ይችላል። ጌሼ የምትፈልገው ዕይታውን አይደለም። መንገዱን ነው። መንገዱ ደግሞ እስካሁን በዝርዝርዎ ላይ ዋጋ አልወጣለትም፤ ይህን በመጻፌ ነገ እንዳይወጣለት አደራ።

ጊዜ ካገኙ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ እንዲጠጡ ባለቤቴ ጋብዛዎታለች። ከዕቃ ማጠቢያው ቤት በር ላይ ትቀበልዎታለች፤ ዓይንዎን ይጨፍኑና ክንዷን ይያዙ፣ እስከ ቁጥር 14 ታደርስዎታለች። ዓይንዎን ስለጨፈኑ የዕይታ ጭማሪ የለብዎትም፤ የጎብኚውን አራት ዩሮ ደግሞ እኛ እንችላለን።

ለመዝጊያው ያለኝን ሰላምታ እያደስኩ፣ በደንቡ ቁጥር 87 ላይ፣ በእውነቱ ቁጥር 14 ላይ ሆኜ፣ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት የምሰናበትዎ፣

ፎልኬርት ኡኬና
ጡረተኛ፣ የደረጃ ጥገና ያልጀመረ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለጌሼ አንብቤላት፣ ይህን ጨምር አለችኝ። ሌሊት ባሕሩ ሲመለስ ድምፁ እስከ ቁጥር 87 ይደርሳል፤ እሷ ነቅታ ታዳምጠዋለች። ይህን ደብቃ ስትጠቀም በመክረሟ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ለመስማትም ጭማሪ የሚኖር ከሆነ አስቀድመው ያሳውቋት፣ እስከዚያው በአንድ ጆሮዋ ብቻ ትሰማለች።